ከቢላዋው በፊትና በኋላ፦ ጡትን የማስወገድ ሕክምና ታሪክ

የማኅበራችን የዓመት መጽሔት አዘጋጆች አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ከአንድ መሐንዲስ የሚጠበቀው የድልድይ ወይም የግድብ ታሪክ እንደ ሆነ አላጣሁትም። ይሁን እንጂ ከባልደረቦቻችን መካከል እናቱን፣ እኅቱን ወይም ባለቤቱን በጡት ነቀርሳ ምክንያት ለቀዶ ሕክምና አስተኝቶ ያስታመመ ጥቂት አይደለም፤ ከሴት ባልደረቦቻችንም ይኸው የደረሰባቸው አሉ። ነገሩ ግን በየቢሮአችን ከሹክሹክታ አልፎ አይነገርም። ወደ ሥራዋ የተመለሰችውን ባልደረባ «እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ» ከማለት በቀር፣ ክንዷን ወደ ላይ ማንሣት ትችል እንደሆነ እንኳ የሚጠይቃት የለም። ከዚህም የተነሣ ጡቷ ተወግዶ በምትኩ ሌላ ጡት ሳይሠራላት የምትኖር ሴት ለቀዶው እንዴት ትዘጋጅ እንደ ነበር፣ ከዚያም በኋላ እንዴት ታገግም እንደ ነበር በታሪክ ተከታትዬ ለማቅረብ ወሰንሁ።

ሐኪም ባለመሆኔ ምክር አልሰጥም። ነገር ግን የዚህ ሕክምና ታሪክ ለማንኛውም መሐንዲስ የሚገቡ ሁለት ጥያቄዎች አሉበት። አንደኛው፣ ምን ያህል ቢነሣ ይበቃል? የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው፣ ከተነሣ በኋላ የቀረው አካል ሸክሙን እንዴት ይችላል? የሚለው ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ ሐኪሞች ከመቶ ዓመት በላይ ደክመውበት መልስ አግኝተውለታል። ሁለተኛውን ግን ለረዥም ጊዜ የተሸከሙት ሴቶቹ ብቻቸውን ናቸው። ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ዝርዝር የጽሑፍ ምስክርነት ከተዉልን ታካሚዎች መካከል እንደ እንግሊዛዊቷ ደራሲ እንደ ፋኒ በርኒ የታወቀ የለም። እኚህ ሴት ፈረንሳዊ ባል አግብተው በፓሪስ ይኖሩ በነበረበት ጊዜ፣ መስከረም 30 ቀን 1811 ቀኝ ጡታቸው ያለ ማደንዘዣ ተወገደ። የቀዶው አለቃ የናፖሊዮን ሠራዊት ዋና ቀዶ ሐኪም የነበሩት ባሮን ዶሚኒክ ዣን ላሬ ነበሩ። ሐኪሞቹ ጭንቀቱ እንዳይረዝም በማሰብ ቀኑን አስቀድመው አልነገሯቸውም፤ በዕለቱ ጥዋት መልእክት ደረሳቸው እንጂ። የቀረቻቸውንም ጥቂት ሰዓት በምን እንዳዋሏት ሲነበብ ያስደንቃል። ባላቸው ሥቃያቸውን እንዳያዩ ምክንያት ተፈልጎላቸው ከቤት እንዲርቁ አደረጉ፤ የሚተኙበትን ክፍል አሰናዱ፤ ከዚያም በሳሎኑ ውስጥ የተከመረውን ፋሻ፣ ጨርቅና ስፖንጅ አይተው ልባቸው ስለ ታወከ ወዲያና ወዲህ ሲመላለሱ ቆዩ። ጥቁር የለበሱ ሰባት ሰዎች ሳይጠሩ ገቡ። ፊታቸው ላይ የተጣለው ስስ መሐረብ ብርሃን የሚያሳልፍ ስለ ነበር የብረቱን ብልጭታ አዩት። ሥራው 20 ደቂቃ ፈጀ።

ለእኅታቸው የላኩትን ታሪክ መጻፍ የጀመሩት ከወራት በኋላ በ1812 ሲሆን፣ ለመጨረስም ሦስት ወር ያህል ወሰደባቸው፤ የጻፉትን መልሰው ለማንበብ እንኳ አልቻሉም። ቁስሉ ድኖ ደራሲዋ እስከ 1840 ድረስ ኖረዋል። የሰውነት ማገገምና የልብ ማገገም በአንድ የጊዜ ሰሌዳ እንደማይሄዱ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

ሕመሙን ማጥፋት በዚያን ዘመን በሌላው የዓለም ዳርቻ ተጀምሮ ነበር። ጃፓናዊው ሐኪም ሃናኦካ ሴይሹ በ1804 ከአስተናግር ወገን ከሆነ ተክልና ከሌሎች ዕፀዋት የተቀመመ መድኃኒት አጠጥተው፣ አንዲት የ60 ዓመት ሴት በእንቅልፍ ላይ ሳለች የጡት ዕጢ አወጡ። ጃፓን በሯን ዘግታ ስለ ነበር ዜናው ወደ ውጭ አልወጣም። በምዕራቡ ዓለም ኤተር በቦስተን ከተማ በ1846 በይፋ ተሞከረ፤ በ1867 ደግሞ ጆሴፍ ሊስተር ቁስል እንዳያመረቅዝ የሚከላከለውን ዘዴያቸውን አሳተሙ። እንግዲህ ቀዶ ሐኪሙ መቸኰሉ ቀረለት። መቸኰሉ ከቀረለት ደግሞ የበለጠ ማንሣት ቻለ።

የአሜሪካዊው ዊልያም ሃልስተድ ዘመን የሚጀምረው ከዚህ ነው። በ1882 የጀመሩትንና በባልቲሞር በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ያስፋፉትን ሥራ በ1894 ሲያሳትሙ፣ የ50 ሴቶችን ታሪክ አቅርበዋል። ዘዴያቸው ጡቱን፣ ከሥሩ ያሉትን የደረት ጡንቻዎችና በብብት ያሉትን ንፍፊቶች በአንድነት ማስወገድ ነበር። ምክንያታቸውም ግልጽ ነው፦ ነቀርሳው ከመሐል ወደ ዳር በሥርዓት የሚስፋፋ ከሆነ፣ ሰፋ አድርጎ የቆረጠ ያመልጠዋል። በእርግጥም በሽታው በዚያው በደረቱ ላይ ተመልሶ የመጣባቸው ቁጥር በዘመኑ ከሚታወቀው እጅግ ያነሰ ሆነ። ይሁን እንጂ ሴቶቹ ደረታቸው ጎድጉዶ የጎድን አጥንታቸው ከቆዳው ሥር የሚታይ፣ ትከሻቸው የማይታዘዝ፣ ክንዳቸው የሚያብጥ ሆኑ። ይህ ዘዴ ሰባ ዓመት ያህል ያለ ተቀናቃኝ ገዛ።

እኛ መሐንዲሶች ይህን ለመተቸት መቸኰል ያለብን አይመስለኝም። ስለ አፈሩ ጠባይ በቂ ጥናት የሌለው ሰው መሠረቱን አለቅጥ ያጠልቀዋል፤ አለማወቁን በሲሚንቶ ይከፍለዋል። ልዩነቱ በዚህ ላይ ከፋዩ የሴቲቱ ክንድ መሆኑ ነው።

የለንደኑ ዴቪድ ፔቲ በ1948 ትልቁን የደረት ጡንቻ ሳይነኩ መሥራት እንደሚቻል አሳዩ። ነገሩን በልክ የፈተኑት ግን የፒትስበርጉ በርናርድ ፊሸር ናቸው። በ1971 በጀመረው ጥናታቸው ከ1600 በላይ ሴቶች በዕጣ ተከፋፍለው፣ ከፊሎቹ በሃልስተድ ዘዴ፣ ከፊሎቹ ጡታቸው ብቻ ተነሥቶ ታከሙ፤ ከኋለኞቹም የጨረር ሕክምና የተጨመረላቸው ነበሩ። የ25 ዓመቱ ውጤት በ2002 ሲታተም፣ ጡንቻውን ማንሣት ዕድሜን እንደማያስረዝም ተረጋገጠ። ምክንያቱም በሽታው የሚጓዘው በተራ ከመሐል ወደ ዳር ብቻ ሳይሆን፣ በደም በኩልም አስቀድሞ ስለሚሰራጭ ነው።

አሁን ወደ ዝግጅቱ ልመለስ። ፋኒ በርኒ ጥቂት ሰዓት አግኝተው ነበር፤ ከእርሳቸው 150 ዓመት በኋላ በአሜሪካ የምትታከም ሴት ግን ያችንም አታገኝም ነበር። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው፦ እብጠት የተገኘባት ሴት ለሁሉም ነገር አስቀድማ ፈርማ በማደንዘዣ ትተኛለች፤ ከእብጠቱ ቁራጭ ተወስዶ ወዲያው በቅዝቃዜ ደርቆ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ነቀርሳ ከሆነ እዚያው እንደ ተኛች ጡቷ ይወገዳል። ነቀርሳ እንዳለባትና ጡቷ እንደ ሄደ በአንድነት የምታውቀው ስትነቃ በእጇ ፋሻውን ዳብሳ ነው። ጋዜጠኛዋ ሮዝ ኩሽነር በ1974 ይህን አሠራር እምቢ ብለው፣ ምርመራውና ቀዶው በተለያየ ቀን እንዲሆንላቸው ቀዶ ሐኪም ፈልገው አገኙ፤ ከዚያም ለሌሎች ሴቶች ሲከራከሩ ኖሩ። በ1979 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የጠራው ጉባኤ ምርመራውና ቀዶው እንዲለያዩ ሲመክር፣ ከጉባኤው አባላት አንዷ እርሳቸው ነበሩ። በእኔ አስተያየት በዚህ ታሪክ ውስጥ ከኤተር ቀጥሎ ትልቁ እርምጃ ይህ ነው። የተጨመረ መሣሪያም መድኃኒትም የለም፤ የተጨመረው ጥቂት ቀን ብቻ ነው።

የማገገሙም ታሪክ የሚጀምረው ከአንዲት ታካሚ ነው። ቴሪስ ላሰር የተባሉት የኒው ዮርክ ሴት በ1952 በሃልስተድ ዘዴ ከታከሙ በኋላ፣ ስለ ክንዳቸው፣ ስለ ልብሳቸውና ስለ ትዳራቸው የሚያነጋግራቸው አጡ። ስለዚህ በየሆስፒታሉ እየዞሩ እንደ እርሳቸው ያሉትን ሴቶች ይጎበኙ ጀመር። ብዙ ቀዶ ሐኪሞች አልወደዱላቸውም። ይዘውት የሚሄዱት ዕቃ ቀላል ነው፦ የሚጨበጥ የላስቲክ ኳስ፣ በበር ላይ ተጥሎ የሚሳብ ገመድና በጡት መያዣ ውስጥ የሚገባ ጊዜያዊ ሰው ሠራሽ ጡት። ታካሚዋ ግድግዳ ፊት ለፊት ቆማ ጣቶቿን እያስኬደች በየቀኑ ትንሽ ከፍ ታደርጋለች። በ1969 የአሜሪካ የነቀርሳ ማኅበር ድርጅታቸውን ተረከበው። ገመዱ እንደ መዘውር ነው፤ ጤናማው ክንድ ወደ ታች ሲስብ የታመመውን ወደ ላይ ያነሣዋል።

ከሙያችን ጋር ይበልጥ የሚዛመደው ግን ቱቦው ነው። ጡት ሲወገድ ቆዳው ከደረቱ ተላቆ እንደ ገና ሲጣበቅ፣ በመካከሉ ባዶ ቦታ ይቀራል፤ በዚያም ፈሳሽ ይጠራቀማል። ፈሳሹ ካልወጣ ቆዳው አይያያዝም። የድጋፍ ግንብ የሠራ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ከበስተኋላው የሚጠራቀመው ውኃ መውጫ ካላገኘ ግንቡን ይገፋዋል። ፈረንሳዊው አንሪ ረዶን በ1954 አየር የተመጠጠበት ጠርሙስ ከቱቦ ጋር አያይዘው ፈሳሹን የሚስብ መሣሪያ አቀረቡ። ኋላም ጠርሙሱ በሲሊኮን አምፖል ተተካ። አምፖሉ ተጨፍልቆ ይዘጋል፤ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ለመመለስ ሲሞክር ፈሳሹን ይስባል። ሞተር የለው፣ ኤሌክትሪክ የለው፤ ነገር ግን ፈሳሹን ከማውጣቱም በላይ ቆዳውን ወደ ደረቱ ይጎትተዋል። ሴትዮዋ አምፖሉን ከልብሷ ጋር በመርፌ ቁልፍ ታያይዘዋለች፤ ቱቦው በረጋ ደም እንዳይደፈን በጣቷ እየጨመቀች ታወርደዋለች፤ የወጣውንም በየቀኑ ለክታ ትመዘግባለች። ብዙ ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚወጣው ከ30 ሚሊ ሊትር ሲያንስ ቱቦው ይነቀላል። ይህም እንደ ሰውየው አንድ ሳምንትም፣ ሦስት ሳምንትም ሊፈጅ ይችላል።

የክንዱ ጉዳይ ከዚህ ይረዝማል። የብብት ንፍፊቶች በሙሉ ሲወጡ ከአምስት ሴቶች አንዷን ያህል የክንድ እብጠት ያገኛታል። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ግን ቀለም ወይም የጨረር ምልክት ተወግቶ፣ ፈሳሹ በመጀመሪያ የሚደርስባቸውን አንድ ወይም ሁለት ሦስት ንፍፊቶች ብቻ አውጥቶ መመርመር ስለ ተቻለ፣ በዚህ መንገድ በሚታከሙት ላይ ቁጥሩ ከመቶ ወደ ስድስት ገደማ ወርዷል። ያም ሆኖ ለብዙ አሥርት ዓመታት የታከሙ ሴቶች «በዚያ እጅሽ ምንም ከባድ ነገር አታንሺ» ይባሉ ነበር። ትእዛዙ ቀና ይመስላል፤ ሕፃን የምታዝል፣ ውኃ የምትቀዳ፣ ከጥዋት እስከ ማታ በእጇ የምታድር ሴት እንዴት ትፈጽመው? በ2009 ካትሪን ሽሚትዝና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ጥናት ይህንን ፈተነው። ክንዳቸው ያበጠባቸው 141 ሴቶች ለሁለት ተከፍለው፣ ከፊሎቹ በአሠልጣኝ እየታገዙ፣ ከትንሽ ጀምረው ቀስ በቀስ እየጨመሩ በሳምንት ሁለት ጊዜ ክብደት አነሡ። በዓመቱ መጨረሻ ሕመሙ የተባባሰባቸው ካነሡት 14 ከመቶ፣ ካላነሡት 29 ከመቶ ሆኑ። ቁም ነገሩ ግን ቀስ በቀስ የሚለው ነው፤ አንድ ቀን ድንገት የተጫነ ሸክም ሌላ ነገር ነው።

ስለ ደረቱ መልክ የተደረገው ክርክር በአጭሩ ይነገራል። የባርቢን አሻንጉሊት የፈጠሩት ሩት ሃንድለር በ1970 ጡታቸው ከተወገደ በኋላ፣ በገበያ ያለው ሰው ሠራሽ ጡት ግራና ቀኝ የማይለይ ሆኖ ቢያስቀይማቸው፣ ለግራና ለቀኝ ለየብቻ የሚሠራ ድርጅት አቋቋሙ። በአንጻሩ ገጣሚዋ ኦድሪ ሎርድ በ1978 ከታከሙ በኋላ ምንም አላደርግም አሉ፤ በሐኪማቸው ቢሮ ያለች ነርስ አለማድረጋቸው የሌሎቹን ታካሚዎች መንፈስ ይጎዳል ብላ እንደ ገሠጸቻቸው በ1980 ባሳተሙት መጽሐፍ ጽፈዋል። ሁለቱም ሴቶች ትክክል ይመስሉኛል። ደረትን አስተካክሎ ጠፍጣፋ አድርጎ መዝጋት ራሱን የቻለ የቀዶ ሥራ መሆኑን የአሜሪካ ብሔራዊ የነቀርሳ ተቋም ፍቺ ሰጥቶ በመዝገበ ቃላቱ ያስገባው በ2020 ነው፤ ትርፍ ቆዳ በብብት ሥር ተንጠልጥሎ እንዳይቀር ሐኪሙ አስቀድሞ ማሰብ ይኖርበታልና። በ2021 በታተመ ጥናት ጠፍጣፋ ሆነው መኖርን ከመረጡ 931 ሴቶች መካከል 74 ከመቶ ያህሉ በውጤቱ ረክተዋል። አብዛኞቹ ግን በጉዳዩ ላይ ከተሰባሰቡ ማኅበራት የተገኙ ስለ ሆኑ ቁጥሩን በጥንቃቄ መያዝ ይገባል።

በአገራችን ይህ ሁሉ የምርጫ ጉዳይ ሆኖ አልቆየም። ጡትን አትርፎ ዕጢውን ብቻ ማውጣት የጨረር ሕክምና ይከተለው ዘንድ ይፈልጋል፤ የጨረር ሕክምና ደግሞ ለረዥም ዓመታት የሚገኘው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ጡትን መልሶ የመሥራት ቀዶም ለጥቂቶች ካልሆነ በቀር የሚታሰብ አልነበረም። እንግዲህ ለአብዛኛዪቱ ታካሚ ዝግጅት ማለት፣ እጅን ወደ ላይ ሳያነሡ የሚለበስ ከፊት ለፊት የሚቈለፍ ቀሚስ ማዘጋጀት፤ ክንዷ እስኪታዘዝላት ድረስ እንጀራውን የሚጋግርና ውኃውን የሚቀዳ ሰው መለየት፤ ከሩቅ አገር የመጣች እንደ ሆነም ቱቦው እስኪነቀል ድረስ ከሆስፒታሉ አቅራቢያ የሚያሳድራት ዘመድ ማግኘት፤ በየማታው የወጣውን ፈሳሽ ለመለካትም መስመር ያለው ብርጭቆና አንድ ደብተር መያዝ ነው።