የአንድ ጣሪያ እከክ፤ የውሻና የድመት ቆዳ ሕመም የቤት መድኃኒት ታሪክ በደቡብ ምዕራብ የቡና አገር

ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ በሚዘልቀው የቡና አገር ውሻና ድመት የሚያዙት ለጌጥ ሳይሆን ለሥራ ነው። ውሻው በቆሎውንና ጎደሬውን ከዝንጀሮ፣ ከጦጣና ከከርከሮ ይጠብቃል፤ ድመቷ ጎተራውን ከአይጥ ትከላከላለች። ሌሊቱን ሁለቱም በባለቤቶቻቸው ምድጃ ዙሪያ ያሳልፋሉ። በመሆኑም የእንስሳቱ ቆዳ ሕመም ከቤተሰቡ ጤና ተነጥሎ አያውቅም። ለውሻው ምን ተቀባ፣ መድኃኒቱ ከየት መጣ፣ ምን ጠቀመ፣ ምንስ ጎዳ የሚሉት ጥያቄዎች ለእንስሳት ሐኪም ብቻ የሚተዉ አይደሉም፤ በጤና ጣቢያ ለሚሠራ ባለሙያም የታካሚው ታሪክ አካል ናቸው።

ይህን ዝምድና ቋንቋው ራሱ ይመሰክራል። «እከክ» የሚለው ስም ለሰውም፣ ለውሻም፣ ለፍየልም ያገለግላል። በቆዳ ፋብሪካዎች ዘንድ እንኳ የውጭ ጥገኛ ተባዮች በበግና በፍየል ሌጦ ላይ የሚያደርሱት ጉዳት የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ሕክምናው ግን ልዩነት ያደርጋል። የሰውና የውሻ እከክ አምጪ ተባዮች የአንድ ዘር ሁለት ዓይነቶች ናቸው፤ የውሻው ወደ ሰው ሲተላለፍ ለጊዜው ያሳክካል እንጂ በሰው ቆዳ ውስጥ ተራብቶ አይዘልቅም። ውሻው እስካልታከመ ድረስ ግን ሰውየው ደጋግሞ ይያዛል። በአንጻሩ የሰው እከክ ከሰው ወደ ሰው ስለሚተላለፍ ውሻውን በማከም ብቻ አይጠፋም።

ቀደምቱ የቤት መድኃኒት የተገኘው ከደጃፍ ነው። ለቡና ጥላ ከሚሆኑት ዛፎች አንዱ ብሳና ሲሆን፣ ከቅጠሉና ከቅርንጫፉ የሚወጣው ፈሳሽ በሰውም በእንስሳትም ላይ ለሚታይ ጭርት ሲቀባ ኖሯል። የግራዋ ቅጠልና የእንዶድ ፍሬም ለማጠቢያነት አገልግለዋል። የእንዶድ አረፋ የሚመነጨው ሳፖኒን ከተባለው ንጥረ ነገር ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው፣ እንዶድ የቢልሃርዚያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል በምርምር አሳይተዋል። ከልብስ ማጠቢያ ልማድ የተነሣው ይህ ግኝት ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛው፣ ባህላዊ ዕውቀት በጥሞና ሊመረመር የሚገባው መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ቀንድ አውጣን የሚገድል ነገር ወደ ዓይንና ወደ አፍ ሲገባ ጉዳት የለሽ ነው ተብሎ ሊታሰብ እንደማይገባ ነው።

ከማዕድናት ወገን ድኝ ትልቅ ቦታ አለው። በቅቤ ወይም በቫዝሊን ተለውሶ ለእከክ ይቀባል። ይህ መድኃኒት ከዘመናዊ ሕክምናም አልተሰናበተም፤ የድኝ ቅባት እስከ ዛሬ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር እናቶች እከክ ከሚታዘዙት አንዱ ነው። በእንስሳት ሕክምናም ድኝና ኖራ ተቀላቅለው የሚዘጋጁት ማጠቢያ ለውሻና ለድመት እከክና ጭርት ያገለግላል። ልዩነቱ በመጠኑና በአዘገጃጀቱ ላይ ነው።

ሙጃሌ የዚህ ታሪክ ሌላው ምዕራፍ ነው። መነሻው ደቡብ አሜሪካ የሆነው ይህ ቁንጫ እ.ኤ.አ. በ1872 ከብራዚል በመጣ መርከብ ወደ አንጎላ ጠረፍ ገባ፤ የነጋዴዎችንና የተሸካሚዎችን ጉዞ ተከትሎም ምዕተ ዓመቱ ሳይጠናቀቅ የአህጉሩን ምሥራቃዊ ዳርቻ ደረሰ። ሙጃሌ የባዶ እግርና የአፈር ወለል ሕመም ነው። ሰውን ብቻ ሳይሆን ውሻን፣ ድመትን፣ አሳማንና አይጥን ይይዛል፤ ውሻው በመዳፉ ሥር ተይዞ ሲያነክስና እግሩን ሲያኝክ ይታያል። ከእንስሳው መዳፍ የወደቀው እንቁላል በአፈሩ ውስጥ ተፈልፍሎና አድጎ ሕፃኑን ይይዛል። የቤት ሕክምናው በመርፌ ወይም በእሾህ ማውጣት፣ ከዚያም ቁስሉን በነጭ ጋዝ መቀባት ሆኖ ቆይቷል። በጋራ መርፌ መጠቀም ግን በደም የሚተላለፉ በሽታዎችን ያዛምታል፤ ያልጸዳው ቁስል ለቴታነስ በር ይከፍታል፤ ነጭ ጋዝም ቆዳን ያቃጥላል።

የጭነት መኪና፣ የእርሻ ኬሚካልና የወባ ርጭት ሲመጡ የቤቱ መድኃኒት መደርደሪያ ተለወጠ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ለውሻ እከክ ዋለ። የወባ ማጥፋት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1959 ከተቋቋመ በኋላ ዲዲቲ በየቤቱ ግድግዳ ተረጨ፤ ከታለመለት ዓላማ ውጭም ለቁንጫና ለቅማል ያዋሉት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2001 የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት ዲዲቲን በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ለመከላከል ብቻ ገደበው። ለከብት መዥገርና ለሰብል ተባይ የተዘጋጁ እንደ ዲያዚኖን ያሉ ኬሚካሎች ግን ያለ መጠን በውሻ ላይ የሚፈስሱበት ጊዜ አለ።

አደጋው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ውሻና ድመት የተቀቡትን ይልሳሉ። ለቆዳ የታሰበው መድኃኒት ወዲያው የሆድ መድኃኒት ይሆናል። በተለይ ድመት ብዙ መርዞችን የሚያከሽፈው የጉበት ሥራ ደካማ በመሆኑ፣ ለውሻ የተዘጋጀ ፐርሜትሪን እንኳ ሊገድላት ይችላል። እንስሳውን ያቀፈ ሕፃንም የመርዙ ተካፋይ ነው። ምራቁ የሚዝረበረብ፣ የዓይኑ ብሌን የጠበበ፣ የሚያልበውና የሚያስመልሰው ሕፃን ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጣ በቤቱ ውሻ ላይ ምን እንደፈሰሰ መጠየቅ ሕይወት ሊያድን ይችላል።

መድኃኒት ግን ከእንስሳ ወደ ሰው ለበጎም ይሻገራል፤ ለዚህ ከሚዛንና ከቴፒ የተሻለ ምስክር አይገኝም። ኦንኮሰርካይሲስ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ መኖሩን እ.ኤ.አ. በ1939 ጣሊያናውያን ተመራማሪዎች ዘግበዋል። በአገራችን የዚህ በሽታ ዋና ገጽታ ዓይነ ስውርነት ሳይሆን የቆዳ ማሳከክና መጎዳት ነው። በ1990ዎቹ በቴፒ የቡና እርሻ የተካሄደ ጥናት ሕመሙ የሠራተኞችን ገቢ ጭምር እንደሚቀንስ አሳይቷል። መፍትሔው የመጣው ከእንስሳት ሕክምና ነበር። ጃፓናዊው ሳቶሺ ኦሙራ ከአፈር ከለዩት ባክቴሪያ፣ ዊሊያም ካምፕቤልና ባልደረቦቻቸው አይቨርሜክቲንን አገኙ። መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. በ1981 ለእንስሳት ገበያ ቀረበ፤ በ1987 ሜርክ ኩባንያ ለሰው ኦንኮሰርካይሲስ በነፃ ለመስጠት ቃል ገባ። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በካፋና በሸካ በጅምላ ሲታደል፣ አስቀድሞ ለከብትና ለፈረስ የተሰጠው መድኃኒት የቡና ለቃሚውን ማሳከክ አስታገሠ። ኦሙራና ካምፕቤል በ2015 የኖቤል ሽልማት ተጋሩ።

ሆኖም ይህ መሻገር በግምት የተደረገ አልነበረም። ከፈረስ ወደ ሰው የተሸጋገረው በምርምር፣ በሰውነት ክብደት ወይም በቁመት በተለካ መጠንና በክትትል ነው። ለከብት የተዘጋጀውን መርፌ ለውሻ በግምት መውጋት ነርቭን ይጎዳል፤ እንደ ኮሊ ባሉ ዝርያዎች ላይ አነስተኛ መጠን እንኳ ሊገድል ይችላል። በኮቪድ ወቅት በልዩ ልዩ አገሮች ሰዎች የእንስሳ አይቨርሜክቲን ወስደው መመረዛቸውም የቅርብ ጊዜ ትዝታ ነው።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት የቤት መድኃኒትን በጅምላ ማውገዝም ሆነ ማሞገስ አይደለም። ድኝ ከጓዳ ወደ ክሊኒክ ገብቷል፤ አይቨርሜክቲን ከበረት ወደ ጤና ጣቢያ ተሻግሯል፤ የተቃጠለ ዘይትና ነጭ ጋዝ ግን ከቀሩበት ባይወጡ ይበጃል። እንስሳትን ያለ ማስረጃ መኮነንም አይገባም። ድመት ማይክሮስፖረም ኬኒስ በተባለው ፈንገስ ጭርት ልታስተላልፍ ትችላለች፤ በአገራችን የሕፃናት ቆረቆር ዋና መንስኤ የሆነው ትራይኮፋይተን ቫዮላሲየም ግን የሚተላለፈው ከልጅ ወደ ልጅ ነው። ስለዚህ የሚያሳክከው ታካሚ ታክሞ ሲመለስ፣ የመድኃኒቱን ዓይነት ከመቀየር በፊት ሁለት ጥያቄዎች ሊቀርቡለት ይገባል፦ በቤታችሁ የሚያሳክከው እንስሳ አለ ወይ? ምንስ ቀባችሁት?