አመፀኛ ዋሻ

ለመሆኑ የአገር ታሪክ ያለው ከመሬት በላይ ብቻ ነውን? እኛ የጎንደር ተማሪዎች እንግዳ ሲመጣብን ይዘን የምንሮጠው ያው ወደ ፋሲል ግንብ ነው። ከደባርቅ አልፈን የሄድን እንደሆነም፣ ጣሊያን እስከ መስከረም 1934 ዓ.ም የመሸገበትን የወልቀፊትን ገደል እናሳያለን። ስለ ዋሻዎቻችን የሚጠይቀን የለም፤ እኛም አንናገርም።

በሌላው ዓለም አሮጌ የማዕድን ጉድጓድ ሥራውን ሲለውጥ ኖሯል። ኦስትሪያ ውስጥ የአልታውሴ የጨው ማዕድን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ናዚዎች የዘረፉትን ሥዕል የሚደብቁበት ጎተራ ሆኖ ነበር። በእኛ ደጋ ግን እንዲህ ያለውን ሥራ የሠራው ዋሻ ነው። ከጎንደር ቢርቅም፣ በዚያው በጣሊያን ዘመን መንዝ ውስጥ ዘረት ላይ ከሆነው የባሰ አላነበብንም።

የአበበ አረጋይ አርበኞች ቤተሰቦች፣ ቁስለኞችና ሽማግሌዎች ከእህልና ከከብታቸው ጋር በዚያ ዋሻ ገቡ። መሪያቸው ተሾመ ሻንቁጥ ነበር። ዋሻው ቤትም፣ ጎተራም፣ በረትም ሆነ ማለት ነው። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም የጣሊያን ጦር ከበባቸው። በጥይት አልወጡ ሲሉት የሰናፍጭ ጋዝ ለቀቀባቸው፤ ያውም ጣሊያን ራሷ የፈረመችበት የ1917ቱ የጄኔቫ ውል የከለከለውን! እጃቸውን ከሰጡት መካከል 800 ያህሉ ተረሸኑ። ይህን የሚለው የኛ ሰው ወሬ ብቻ አይደለም፤ የገዳዩ ጦር የራሱ መዝገብ ነው።

መዝገቡን ተከትሎ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የተባለ ጣሊያናዊ የታሪክ ተመራማሪ በ1998 ዓ.ም ዋሻው ድረስ ሄደ። ከእሱ በኋላ የሄዱት የአርኪዮሎጂ ሰዎች የሰው አጥንትና የሸክላ ስባሪ አገኙ። ስልሳ ሰባት ዓመት ሙሉ የት ነበርን እኛ? የአካባቢው ሰው እንደሆነ ረስቶት አያውቅም፤ «አመፀኛ ዋሻ» ይለዋል። አመፀኛ የሚለው ጠላት አርበኛውን የሚሰድብበት ቃል ነበር፤ በመንዝ ሰው አፍ ግን የክብር ስም ሆኖ ይሰማናል።

ባለፈው ክረምት ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ስንጓዝ፣ ጣርማ በር ላይ ጣሊያን ተራራውን በስቶ ለመኪና ያበጀውን መተላለፊያ አቋረጥን። ለጦሩ ብሎ የቆፈረው ዛሬ እኛን ያሻግራል፤ ደግ ነው። የአውቶቡሱ ረዳት ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሙሶሊኒ ዋሻ!» አለን። ዘረት በየት በኩል እንደሆነ ብንጠይቀው «የምን ዘረት?» ብሎ ሒሳቡን መሰብሰብ ቀጠለ።