የቡና መፈልፈያ መኪና በጌዴኦ፤ ስለ አያያዙና ስለ አስተካከሉ

በሌላ አገር በሜዳ ላይ ሣር የሚያጭደው ትራክተር በጌዴኦ መሄጃ የለውም። ቁልቁለቱን እንሰት፣ ቡናና ትልልቅ ዛፍ ተደራርበው ይዘውታል፤ አረሙም የሚመነጠረው በእጅ ነው። ከዲላ እስከ ይርጋ ጨፌ ዘልቆ ታሪክ የሠራው መኪና የቡና መፈልፈያው ነው።

ቀድሞ የአካባቢው ቡና ከነገለፈቱ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ ጀንፈል ሆኖ ይሸጥ ነበር። በ1960ዎቹ ዓ.ም. ግን የማጠቢያ ጣቢያዎች ይተከሉ ጀመር፤ እሸቱም በተለቀመበት ቀን መፈልፈል ግድ ሆነ።

የመኪናው አሠራር ቀላል ነው። ትንንሽ ጉብታ ባለው የመዳብ ቆርቆሮ የተለበጠ ዲስክ እየዞረ፣ እሸቱን ከፊቱ ካለው ብረት ጋር አሽቶ ቅርፊቱን ይገፍፋል። ዋናው ነገር በሁለቱ መካከል ያለችው ክፍተት ናት። ከጠበበች ፍሬው ይቆረጣል፤ ከሰፋች እሸቱ ሳይፈለፈል ያልፋል። የፍሬው መጠን ስለሚለያይም ብሎኑ አንድ ጊዜ ታስሮ የሚተው አይደለም፤ በጥቂት እሸት እየተሞከረ ይስተካከላል። ማታ መኪናው በንጹሕ ውሃ ካልታጠበ ደግሞ የተረፈው ፍሬ እዚያው ይቦካና በማግሥቱ ከአዲሱ ጋር ይቀላቀላል። ይህ ሁሉ በቀማሾች ፊት አይደበቅም።

ስለ ይርጋ ጨፌ ቡና ዝና ሲነገር አፈሩና ከፍታው ይወደሳሉ፤ መፍቻ የያዘው ሠራተኛ ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ድርሻውን ተነፍጓል። የይርጋ ጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በ1994 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ነገሩ ለአባል ገበሬዎች ይበልጥ ቀርቧል፤ በማኅበራቸው ጣቢያ የተቆረጠው ፍሬ ከትርፍ ክፍፍላቸው ላይ ይጎድላልና።