ሠላሳ ሜትር ፍላኔል ቢኖራችሁ ምን ትሰፉበት ነበር?

እስቲ አንድ ነገር አስቡ። ነገሌ ቦረና ናችሁ እንበል። አንድ ነጋዴ ሱቁን ሊዘጋ ሲል የተረፈውን አንድ ጣቃ ፍላኔል ለትምህርት ቤታችሁ ሰጠ። ርዝመቱ 30 ሜትር፣ ወርዱ 1.1 ሜትር ነው። ላዩ ጸጉር ጸጉር የሚል፣ እጅ ሲያርፍበት የሚሞቅ ለስላሳ ጨርቅ። የስፌት መኪና ያለው ጎረቤትም አላችሁ። ምን ትሰፉበታላችሁ?

ፒጃማ፣ የሕፃን ልብስ፣ አንሶላ ብላችሁ ቶሎ ልትመልሱ ትችላላችሁ። ክፉ መልስ አይደለም። ግን ጥያቄውን እንደ መሐንዲስ ካየነው ሌላ መልክ ይይዛል፤ ይሄ ጨርቅ ምን ይችላል? ምን አይችልም? በምን ይበላሻል? ደግነቱ ብዙ ጨርቅ እጃቸው ላይ የተረፈ ሰዎች ከእናንተ በፊትም ነበሩ። የእነሱ ታሪክ መቀስ ከማንሳታችን በፊት ብዙ ያስተምረናል።

ሙቀቱ የማን ነው?

መጀመሪያ ፍላኔል ምን እንደሆነ እንግባባ። ጥንት በዌልስ ሲሠራ ከበግ ጸጉር ነበር። ዛሬ ገበያ ላይ የምናገኘው በአብዛኛው ከጥጥ ነው። ጨርቁ ከተሸመነ በኋላ ላዩ በቀጫጭን ሽቦ ጥርሶች ይቧጨራል፤ ከክሩ ውስጥ ጥቃቅን ጭረቶች እየተነቀሉ ይቆማሉ። አያቶቻችን ጥጥ በደጋን ሲነድፉ ጥጡ እንዴት እንደሚነፋ ካያችሁ ሐሳቡ ይገባችኋል። ልዩነቱ እዚህ የሚነደፈው አስቀድሞ የተሸመነ ጨርቅ መሆኑ ነው።

ታዲያ ለምን ይሞቃል? ጨርቅ ሙቀት አያመነጭም። የሚያሞቃችሁ የራሳችሁ ሰውነት ነው፤ ጨርቁ ሙቀቱ እንዳያመልጥ ይይዝላችኋል። የሚይዘው ደግሞ በጭረቶቹ መካከል በታሰረው አየር ነው። ዝም ያለ አየር ሙቀት በማስተላለፍ በጣም ሰነፍ ነው። ውሃ ግን ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ ያስተላልፋል። ለዚህ ነው የረጠበ ፍላኔል ከመቅጽበት የሚበርደው፤ አየሩ ወጥቶ ቦታውን ውሃ ስለያዘው ነው።

ይሄን ሳይንስ አገራችን በሌላ መንገድ ታውቀው ነበር። ጋቢ አራት ድርብ ነው። በድርቦቹ መካከል አየር ይታሰራል። ቡልኮ ደግሞ በወፍራም ክር ስለሚሸመን ከዚያም ይከብዳል። የኮንሶ ሸማኔዎች የጥጥ ጨርቃቸውን ወደ ቦረና እያወረዱ በከብትና በጨው ይለውጡ ነበር። ነገሌ በገናሌና በዳዋ ወንዞች መካከል፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። ቀኑ ቢያቃጥልም ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። በረሃ ሁሉ ሌሊትም ይሞቃል ብሎ የሚያስብ ሰው አንድ ሌሊት ደጅ ቢያድር ሐሳቡን ይቀይራል።

አቡጀዲ በበቅሎ ሲመጣ

በቦረና አካባቢ ሴቶች ድሮ የሚለብሱት በአብዛኛው የለፋ ቆዳ ነበር። ቆዳው ቀስ በቀስ ለጥጥ ጨርቅ ቦታውን የለቀቀው ባሕር ተሻግሮ የመጣ ርካሽ ጨርቅ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ነው። የዚህ ጨርቅ ስም ዛሬም በየቤቱ አለ፤ አቡጀዲ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ላይ ዝና ያተረፈው ያልነጣ የአሜሪካ ጥጥ ጨርቅ ነበር። በስዋሂሊ እስከ ዛሬ "መሪካኒ" የሚባለውም ለዚህ ነው።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1903 መጨረሻ (ታኅሣሥ 1896 ዓ.ም.) ሮበርት ስኪነር የተባለ የአሜሪካ ዲፕሎማት ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ በባቡር፣ ከዚያ በበቅሎ ተጉዞ አዲስ አበባ ገባና ከአፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ተፈራረመ። በሁለቱ አገሮች መካከል የመጀመሪያው ውል ነበር። አሜሪካን እዚህ ድረስ ካመጧት ዋና ምክንያቶች አንዱ ይሄው ጨርቅ ነው፤ ፋብሪካዎቿ ከሚበቃት በላይ እያመረቱ ገዢ ይፈልጉ ነበር። ወደ 1930 ገደማ ደግሞ ጃፓን በርካሽ ጨርቋ ገበያውን ወሰደችው። በኋላ የድሬዳዋና የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች መጡ።

አቡጀዲ ለምን ተወደደ? ጸጉር የለውም፣ አያምርም፣ ግን ሁሉን ይሆናል፤ ቀሚስ፣ ጆንያ፣ ድንኳን፣ በመጨረሻም መገነዣ። የሰው ልጅ ከልደት እስከ ሞት የሚጠቀለልበት ጨርቅ ማለት ነው። ከዚህ አንድ ነገር ያዙ፤ የተረፈ ዕቃ ሁልጊዜ ሥራ ይፈልጋል፣ ባሕር ተሻግሮም ቢሆን።

17,000 የአልጋ ምንጣፍ የተረፈው ነጋዴ

አሁን ወደ ፍላኔል አገር፣ ወደ ዌልስ እንሂድ። ኒውታውን በምትባል ከተማ ፕራይስ ጆንስ የተባለ ነጋዴ ነበር። የአካባቢውን ፍላኔል በካታሎግ እያስተዋወቀ፣ በፖስታና በባቡር እየላከ ይሸጥ ነበር። ዛሬ በስልክ አዝዘን ዕቃ ቤታችን ድረስ እንደሚመጣልን ማለት ነው። ደንበኞቹ ውስጥ ንግሥት ቪክቶሪያና ፍሎረንስ ናይቲንጌል ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1876 ይሄ ሰውዬ አንድ ነገር ፈጠረ፤ ታጥፎ የሚዘጋ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ራስጌው ላይ አየር የሚሞላ የጎማ ትራስ ያለው። ዛሬ የመኝታ ከረጢት የምንለው ነገር ቀደምት ዓይነት ነው። በቀጣዩ ዓመት ሩሲያ ከቱርክ ጋር ስትዋጋ ለሠራዊቷ 60,000 አዘዘች። ትእዛዙ ሳያልቅ ፕሌቭና ላይ የነበረው ከበባ አበቃና ሩሲያ የቀረውን ሰረዘች። 17,000 ያህሉ እጁ ላይ ቀረ።

ምን አደረገ? ዕቃውን አልለወጠም፤ ተጠቃሚውን ለወጠ። ለወታደር የተሰፋውን በርካሽ መኝታነት ለገበያ አቀረበው። የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ድሆችን ለማስተኛት ገዙት። ሳልባጅ ተራ ገብታችሁ የፈረንጅ አንሶላ መጋረጃ ሲሆን ያያችሁ ልጆች ይሄ ዘዴ አዲስ አይሆንባችሁም።

ጸጉሩ እሳት ይወዳል

እስካሁን የፍላኔልን በጎ ጎን አየን። አሁን ወደ ክፉው።

በአየር የተሞላ ጸጉራም ጥጥ ማለት ኦክስጅን አጠገቡ ያለው ደቃቅ ማገዶ ማለት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ እንግሊዝ ውስጥ የጥጥ ፍላኔል ርካሽ ስለነበር የድሀ ልጆች የሌሊት ልብስ ሆነ። ቤቱ የሚሞቀው በክፍት ምድጃ ነው። አንድ ብልጭታ ጸጉሩን ከነካው እሳቱ በልብሱ ላይ ይሮጣል። ብዙ ሕፃናት በዚህ ሞቱ።

መፍትሔ ፍለጋ የገባበት ኬሚስት ዊልያም ሄንሪ ፐርኪን ታናሹ ነበር። አባቱ በ18 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1856 የመጀመሪያውን ታዋቂ ሰው ሠራሽ የጨርቅ ቀለም ያገኘ ሰው ነው። ልጁ ብዙ ጨዎችን ሞከረ። እሳት የሚከላከሉ ጨዎች ድሮም ነበሩ፤ ችግሩ አንድ ጊዜ ሲታጠቡ መሄዳቸው ነው። እሱ የቲን ውህድ በጭረቱ ውስጥ እንዲረጋ አደረገና አጠባን የሚቋቋም ጨርቅ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1913 ደግሞ ብሪታንያ "እሳት አይዘውም" ተብሎ የሚሸጥ ጨርቅ በእርግጥም እንደዚያ እንዲሆን የሚያስገድድ ሕግ አወጣች።

ከሱፍ የተሠራው ፍላኔል ግን ሌላ ነው። ሱፍ በቀላሉ አይቀጣጠልም፤ ከእሳቱ ሲርቅም ይጠፋል። የእናንተ ጣቃ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አንድ ክር መዛችሁ፣ ትልቅ ሰው ባለበት፣ በወረንጦ ይዛችሁ አቃጥሉት። የተቃጠለ ጸጉር ከሸተተ ሱፍ ነው። የተቃጠለ ወረቀት ከሸተተና ለስላሳ አመድ ከተወ ጥጥ ነው። ጥጥ ከሆነ፣ በከሰልና በእንጨት በሚበሰልበት ቤት ለሚድህ ሕፃን ሰፊ የሌሊት ቀሚስ አትስፉበት። ይሄን ከታሪክ በነፃ አግኝተነዋል፤ እነዚያ ቤተሰቦች ግን ከፍለውበታል።

ከቁስል መጠቅለያ እስከ መቀሌ

ታዲያ ለምን እናውለው? የፍላኔል ጸጉር ከአየር ሌላ የሚይዘው ነገር አለ፤ ፈሳሽ። ድሮ በአውሮፓና በአሜሪካ ሴቶች ለወር አበባ ፍላኔልና ሌላ ጨርቅ አጣጥፈው፣ እያጠቡ ይጠቀሙ ነበር። በእኛም አገር አሮጌ ልብስ ቀዶ መጠቀም የብዙ እናቶች ልምድ ነው።

በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት አንድ የአሜሪካ ኩባንያ፣ ኪምበርሊ ክላርክ፣ ከእንጨት ጭረት የተሠራ የቁስል መሸፈኛ ለሠራዊቱ ያመርት ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ዕቃው ተረፈ። ነርሶች ግን ሆስፒታል ውስጥ ሆነው ሌላ ሥራ አግኝተውለት ነበር፤ ለወር አበባ ይጠቀሙበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920 "ኮቴክስ" ተብሎ ገበያ ላይ ዋለ። አያችሁ? የተረፈው ነገር እንደገና ሥራ አገኘ።

ተጠቅሞ የሚጣል ሞዴስ ግን በየወሩ ገንዘብ ይጠይቃል። ገንዘቡ የሌላት ተማሪ ቤት ትቀራለች። ይሄን ጥያቄ ይዛ የተነሳችው ኢትዮጵያዊት የኬሚካል መሐንዲስ ፍሬወይኒ መብራህቱ ናት። አሜሪካ ተምራ ከተመለሰች በኋላ ታጥቦ እንደገና የሚያገለግል ሞዴስ ነደፈች፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የፈጠራ መብት አገኘችበት፤ በ2009 መቀሌ ላይ "ማርያም ሰባ" የተባለውን ፋብሪካ ከፈተች። በአግባቡ ከተያዘ እስከ 2 ዓመት ያገለግላል። በ2019 ሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ብሎ መርጧታል።

እስቲ የእናንተን ጣቃ እንቁጠረው። 30 ሜትር በ1.1 ሜትር፣ 33 ካሬ ሜትር ነው። ጥጥ ሲታጠብ ስለሚሸበሸብ ከመቁረጣችሁ በፊት እጠቡት፤ 10 በመቶ ቢቀንስ ወደ 30 ካሬ ሜትር ይቀራል። ለአንድ ሞዴስ 25 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት ድርብ ብትቆርጡ 0.2 ካሬ ሜትር ይወስዳል። ስለዚህ ወደ 150 ይወጣዋል ማለት ነው። ቁርጥራጭ የሚበላውን ስንቀንስ 130 እንበል። ለአንዲት ልጅ 6 ብንሰጥ ከ20 በላይ ተማሪዎች ይደርሳቸዋል። ከሥር ውሃ የማያሳልፍ ስስ ጨርቅ፣ ከጎንና ከጎን በቁልፍ የሚያያዝ ክንፍ ጨምሩበት። ቁርጥራጩም አይጣልም፤ ጥቁር ሰሌዳ መጥረጊያ ይሆናል።

ውሃውስ?

ስሌቱ እዚህ ቢያልቅ ደስ ይል ነበር። አያልቅም። ታጥቦ የሚያገለግል ነገር ሁሉ ማጠቢያ ይፈልጋል።

ነገሌ ስለ ውሃ የምትናገረው ታሪክ አላት። በጥር 1966 ዓ.ም. እዚያ የሰፈረው አራተኛ ብርጌድ ወታደሮች አመፁ። ምግቡ መጥፎ ነበር፤ የወታደሮቹ የውሃ ፓምፕ ሲበላሽ ደግሞ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዳይቀዱ ከለከሏቸው። ወታደሮቹ መኮንኖቹን አሰሩ። ነገሩን ሊያጣራ ከአዲስ አበባ የተላከውን ጄኔራልም ይዘው እነሱ የሚበሉትን አበሉት፣ የሚጠጡትን አጠጡት። ከወራት በኋላ፣ በመስከረም 1967 ዓ.ም.፣ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። አንድ የተበላሸ ፓምፕ ብቻውን መንግሥት አይጥልም፤ ግን ውሃ የሌለበት ቦታ ላይ ትንሿ ብልሽት ትንሽ ሆና አትቀርም።

ለእናንተም እንደዚያው ነው። ደም የነካው ጨርቅ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይነከራል፤ ሙቅ ውሃ የደሙን ፕሮቲን ጨርቁ ላይ ያደርቀዋል። ከዚያ በሳሙና ይታጠባል። በመጨረሻ ፀሐይ ላይ እስኪደርቅ ይሰጣል። ደረቅነትና የፀሐይ ጨረር ጀርሞችን ያዳክማሉ። የደቡብ ቆላ ፀሐይ በዚህ በኩል ከማንም ፋብሪካ አታንስም። ግን አፍራ ፍራሽ ሥር ደብቃ የምታደርቅ ልጅ ይሄን ፀሐይ አታገኝም። ጨርቁ እርጥብ እንደሆነ ይቆያል፤ እርጥብ ጨርቅ ደግሞ ለጀርም ይመቻል። እዚህ ላይ የሚጎድለው ጨርቅ አይደለም፤ የሚዘጋ በር ያለው መታጠቢያ ቤት፣ አንድ ባልዲ ውሃ፣ እና የተሰጣውን ጨርቅ አይቶ የማይስቅ ወንድም ነው።

ስለዚህ መቀሱን ከማንሳታችሁ በፊት ትምህርት ቤቱን አንድ ጊዜ ዙሩት። ቧንቧው ይሠራል? በሮቹ ይዘጋሉ? ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከዓይን የተከለለ ገመድ የሚታሰርበት ቦታ አለ? መልሱ አዎ ከሆነ 130 ስፉ። አይደለም ከሆነ ግማሹን ጣቃ ሽጡና ገመዱን፣ ባልዲውንና መቀርቀሪያውን ግዙ። በቀረው 60 ብትሰፉ፣ 10 ልጆች እውነትም ይጠቀሙበታል።