ግሪሳ ድንበር አያውቅም

የታሪክ መምህር ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ብቻ ነው የሚጽፈው ያለው ማነው? ዛሬ ደግሞ የአንድ ወፍ ታሪክ ላጫውታችሁ። ሳንጃ፣ አብርሃጅራ፣ መተማ፣ ቋራ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፦ ግሪሳ።

ለምን ግሪሳ? በየዓመቱ ማሽላው ፍሬ መያዝ ሲጀምር፣ ስም ስጠራ "አቤት" የማይለው ተማሪ ይበዛል። ምክንያቱን ስትጠይቁ መልሱ አንድ ነው፦ "ወፍ ሊጠብቅ ሄዷል።" ማማ ላይ ቆሞ ወንጭፍ እያስወነጨፈ ከንጋት እስከ ምሽት የሚጮኸው ልጅ እኔ መዝገብ ላይ "ቀሪ" ነው። ስለዚህ የግሪሳ ታሪክ የትምህርት ቤታችንም ታሪክ ነው።

በስሙ እንጀምር። ሳይንሳዊ ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1758 ነው። ስም አውጪው ስዊድናዊው ሊኔየስ አገሩን ህንድ ብሎ መዘገበው። ግሪሳ ግን የአፍሪካ ወፍ ነው፤ ህንድ ምን ሊሠራ ይሄዳል! እ.ኤ.አ. በ1850 ደግሞ ሌላው ስዊድናዊ ሱንደቫል የእኛን የምሥራቁን ዓይነት ለይቶ "ኢትዮጵያዊ" የሚል ስም ሰጠው። የሚገርመው፣ ናሙናው የመጣው ከሰናር ነበር። ሰናር ደግሞ ለጎንደር ሰው እንግዳ አገር አይደለም። ነጋዴው በመተማ በኩል ሲመላለስበት የኖረ ነው፤ ዳግማዊ ኢያሱ እ.ኤ.አ. በ1744 ዘምተውበታል፤ ጄምስ ብሩስም በ1772 ከጎንደር ወደ አገሩ ሲመለስ በዚያው አልፏል። ሰዎች በዚህ መንገድ ሲነግዱና ሲዋጉ ወፉም ከበላያቸው ይመላለስ ነበር። ቀረጥም አልከፈለም።

ግሪሳ ብቻውን አይደለም፤ የበረሃ ዘመድ አለው። ወርቃማው የሱዳን ድንቢጥ ይባላል፤ ወንዱ እንደ ስሙ ቢጫ ነው። ከሞሪታንያ እስከ ቀይ ባሕር ድረስ በሰሐራ ደቡባዊ ጠርዝ ይኖራል። ሳይንስ ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1823 ከዶንጎላ በተላከ ናሙና ነው። ላኪዎቹ ሄምፕሪክና ኤረንበርግ የሚባሉ ሁለት ጀርመኖች ነበሩ፤ ሄምፕሪክ ከሁለት ዓመት በኋላ ምጽዋ ላይ በንዳድ ሞተ። ይህ ድንቢጥና ግሪሳ ኑሯቸው ይመሳሰላል፤ አንዳንዴም አብረው ይበራሉ። ሁለቱም እንደ ከብት አርቢ ዝናብና ሣር ተከትለው ነው የሚኖሩት።

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። የግሪሳ ዋና ምግብ ማሽላ ይመስለናል፤ አይደለም። ዋና ምግቡ የዱር ሣር ፍሬ ነው። በበጋ መሬት ላይ የወደቀውን ፍሬ ለቅሞ ይኖራል። ዝናብ ሲጥል ፍሬው ይበቅላል፣ ማለትም ምግቡ ያልቃል። እኛ ለዝናብ ምስጋና ስናቀርብ ለእሱ ረሃብ ጀመረ ማለት ነው። ፒተር ዋርድ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1971 እንዳብራራው፣ ያን ጊዜ ወፉ ስብ አጠራቅሞ ዝናቡን ተሻግሮ ይበርራል፤ ቀድሞ የዘነበበት፣ ሣሩ አዲስ ፍሬ ያፈራበት አገር ይደርሳል። ከዚያ ዝናቡን ተከትሎ ይመለሳል፤ በየመንገዱም ይዋለዳል። በእኛው አገር ስምጥ ሸለቆ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመ ሥራም፣ ግሪሳ በደቡብ ወልዶ ወደ ሰሜን ከሄደ በኋላ በዚያው ዓመት እንደገና እንደሚዋለድ አሳይቷል። ከእንቁላል መጣል እስከ ጫጩት መብረር ከአንድ ወር ትንሽ ቢበልጥ ነው።

እንግዲህ ሂሳቡን ሥሩት። አንድ ግሪሳ በቀን 10 ግራም ያህል ይበላል። ምንም አይደለም፣ አይደል? አንድ ሚሊዮን ሲሆን ግን በቀን 10,000 ኪሎ፣ ማለትም 100 ኩንታል ነው! መንጋው ደግሞ ከሚሊዮንም ያልፋል። በአፍሪካ ያለው ጠቅላላ ቁጥሩ 1.5 ቢሊዮን ገደማ ይገመታል።

ሰው ዝም ብሎ አላየውም። ካለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ በተለያዩ የአፍሪካ አገሮች ማደሪያው በፈንጂና በእሳት ተመትቷል። ከአውሮፕላን መርዝም ተረጭቶበታል። እ.ኤ.አ. በ1962 የተመሠረተውና መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት ከአንበጣ ሌላ ግሪሳንም ይከላከላል፤ ኢትዮጵያም ሱዳንም አባል ናቸው። ርጭቱ የአንድን ወረዳ ሰብል ሊያተርፍ ይችላል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ፌንቲዮን የሚባለው መርዝ ግሪሳን ብቻ መርጦ አይገድልም። የሞተውን ወፍ የበላ ጭልፊትም ይሞታል። ግሪሳው ራሱ ደግሞ፣ እዚህ ሚሊዮን ሲያልቅ ከወዲያ ማዶ ሌላ ሚሊዮን ይፈለፈላል። እስከ ዛሬ ዘሩን ያጠፋ አገር የለም።

ቢያጠፋውስ? ቻይና እ.ኤ.አ. በ1958 በድንቢጥ ላይ ዘመቻ አወጀች። ሕዝቡ ድስትና ከበሮ እየደበደበ ወፎቹ እንዳያርፉ ከለከለ፤ በድካም እየወደቁ አለቁ። ነፍሳትን የሚበላ ሲጠፋ ተባይ በዛ። በዚያን ጊዜ ለተነሳው ታላቅ ረሃብ ዋናው ምክንያት ፖለቲካው ቢሆንም የድንቢጡ እልቂት አባብሶታል። በ1960 መንግሥት ድንቢጥን ከጠላት ዝርዝር አውጥቶ በምትኩ ትኋንን አስገባ።

ታሪኩ የሚነግረን እንግዲህ ይህን ነው፦ ግሪሳን ማጥፋት አይቻልም፣ ማሽላን መጠበቅ ግን ይቻላል። ጥያቄው "ማን ይጠብቅ?" ነው። እስካሁን መልሱ "ልጁ" ሆኖ ኖሯል።

እኔ የሚታየኝ እንዲህ ነው። ማሽላ በጣም የሚጠቃው እሸት ሆኖ ወተት ከያዘበት ጊዜ ጀምሮ እስኪደርቅ፣ አንድ ወር ገደማ ነው። ጎረቤታሞች ተመካክረው በአንድ ሰሞን ቢዘሩ እሸቱ በአንድ ጊዜ ይደርሳል፤ የጥበቃው ጊዜ ያጥራል፣ ጉዳቱም አንድ ሰው ላይ አይወድቅም። አረም ቢታረም ወፉን ወደ ማሳው የሚጠራው የሣር ፍሬ ይቀንሳል። የደረሰ ማሽላ ሳይውል ሳያድር ይታጨድ። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ለአረምና ለአጨዳ ወንፈል እንገባ የለም እንዴ? ለወፍ ጥበቃስ ለምን አንገባም? አሥር አባወራ ተራ ቢገባ፣ ልጅ ቢያግዝ እንኳ ቅዳሜና እሑድ ወይም ከትምህርት ሰዓት ውጭ ይሆናል።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ አብዛኞቻችሁ ዛሬ ማሳም ልጅም አላችሁ። ማማ ላይ የዋላችሁበትን፣ ከዚያም ፈተና ላይ ባዶ ወረቀት ያያችሁበትን ጊዜ ከእኔ በላይ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። በየቀበሌያችሁ ወፍ ጥበቃን በወንፈል የሞከረ ካለ፣ እንዴት እንደሠራ ከታች ጻፉልን። ሌላውም ይማርበት።