ለወረዳዎችና ለትምህርት ቤቶች የሚመደበው የመንግሥት በጀት፦ አሠራሩ ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ ደጋ ወረዳዎች አንጻር

በሰሜን ሸዋ ዞን በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋማ አካባቢዎች፣ በገጠር ቀበሌዎች የሚገኝ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ከመንግሥት የሚያገኘው ገንዘብ በሦስት መንገድ የሚመጣ ነው። የመጀመሪያው ከወረዳው መደበኛ በጀት የሚከፈለው የመምህራንና የሠራተኞች ደመወዝ ነው። ሁለተኛው ከዚያው በጀት ለሥራ ማስኬጃ የሚያዘው ገንዘብ ሲሆን፣ ሦስተኛው በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ ለትምህርት ቤቱ በስሙ የሚተላለፈው የትምህርት ቤት ድጎማ ነው።

የእነዚህ ገንዘቦች ጠቅላላ መጠን የሚወሰነው ከወረዳው በላይ ባሉ አካላት ነው። ይሁን እንጂ ከተወሰነው ገንዘብ ምን ያህሉ ወደ መማሪያ ክፍል እንደሚደርስ የሚለየው በአብዛኛው በወረዳውና በትምህርት ቤቱ እጅ ባሉ ተግባራት መሆኑን የበጀት አሠራሩ ያመለክታል። ይህ ጽሑፍ ለትምህርትና ለፋይናንስ ባለሙያዎች እንዲሁም ለወረዳ ምክር ቤት አባላት የአሠራሩን መነሻና ዋና ዋና ነጥቦች ያቀርባል።

የአሠራሩ መነሻ

በአገራችን ለትምህርት ተብሎ በሕግ የተለየ ገንዘብ መሰብሰብ የተጀመረው በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብር በታወጀበት ጊዜ ነው። ግብሩ የተጣለው በመሬት ላይ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ መንዝና ግሼ እንዲሁም መርሐቤቴ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር የሚገኙ አውራጃዎች ነበሩ። ባለርስቱ ከመሬቱ ግብር ጋር የትምህርቱንም ድርሻ ይከፍል ነበር። ሆኖም ስለ ትምህርት ቤት መከፈትና ስለ መምህር ምደባ የመጨረሻው ውሳኔ የሚሰጠው ከማዕከል ነበር።

ይህ አሠራር በመሠረቱ የተለወጠው ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የትምህርት አመራር ያልተማከለ እንዲሆን፣ እስከ 10ኛ ክፍል ያለው ትምህርትም በነፃ እንዲሰጥ ደነገገ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች የማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ እንዳለበት አስፍሯል። የአማራ ክልል በበኩሉ በ1994 ዓ.ም. ባወጣው የተሻሻለ ሕገ መንግሥት የወረዳን የሥልጣን እርከን አጠናክሯል።

በጀቱ ከፌዴራል እስከ ወረዳ

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 62 መሠረት የፌዴራል መንግሥት ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ የሚከፋፈልበትን ቀመር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ክልሉ የደረሰውን ድጎማ ከራሱ ገቢ ጋር ደምሮ የክልል መሥሪያ ቤቶችን ድርሻ ካስቀረ በኋላ ቀሪውን በጥቅል ድጎማ መልክ ለወረዳዎች ያከፋፍላል። በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ ክልሎች ጥቅል ድጎማ ለወረዳዎች መተላለፍ የጀመረው በ1990ዎቹ አጋማሽ የወረዳ ያልተማከለ አስተዳደር ፕሮግራም ተግባራዊ ሲሆን ነው።

ጥቅል ድጎማ ማለት ገንዘቡ ለትምህርት ወይም ለጤና ተብሎ አስቀድሞ ሳይከፋፈል ለወረዳው በጥቅሉ የሚሰጥ ማለት ነው። ለትምህርት ምን ያህል፣ ለግብርና ምን ያህል እንደሚያዝ የሚያጸድቀው የወረዳው ምክር ቤት ነው። በመሆኑም የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የበጀት ጥያቄውን የሚያስረዳው በመጀመሪያ ለወረዳው ካቢኔና ለምክር ቤቱ እንጂ ለትምህርት ሚኒስቴር አይደለም።

ቀመሩ የሕዝብ ቁጥርን ትልቅ መስፈርት ሲያደርግ ጥቂት ሕዝብ ያላቸው ወረዳዎች የተለየ ችግር ይገጥማቸዋል። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሐል ሜዳ ከተማን ማዕከሉ ያደረገው የመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ 120 ሺህ ያህል ሕዝብ ሲኖረው፣ ቀደም ሲል ከእርሱ ጋር አንድ ወረዳ የነበረው የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ 46 ሺህ ያህል ነበረው። ሁለቱም ግን ተመሳሳይ ጽሕፈት ቤቶች፣ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች ሊኖሯቸው ይገባል። የአስተዳደር ወጪው በሕዝብ ቁጥር ልክ ስለማይቀንስ በትንሹ ወረዳ ለትምህርት ቤቶች የሚተርፈው ገንዘብ ይጠባል።

ደመወዝና ሥራ ማስኬጃ

በወረዳዎች የትምህርት በጀት ውስጥ የአንበሳውን ድርሻ የሚይዘው ደመወዝ ነው። ደመወዝ ሊዘገይ ወይም ሊቀነስ የማይገባው ግዴታ በመሆኑ በጀት ሲጠብ በቅድሚያ የሚቀነሰው ሥራ ማስኬጃ፣ ማለትም የጠመኔ፣ የወረቀት፣ የቤተ ሙከራ ዕቃ፣ የጥገናና የሱፐርቪዥን ወጪ ይሆናል። ውጤቱም መምህሩ በክፍሉ ተገኝቶ የሚያስተምርበት ቁሳቁስ የሚያጣበት ሁኔታ ነው።

ይህን ለመከላከል ትምህርት ሚኒስቴር በ1994 ዓ.ም. ባወጣው የትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና ፋይናንስ መመሪያ ከደመወዝ ውጭ ለአንድ ተማሪ በዓመት ሊመደብ የሚገባውን ገንዘብ አስቀምጧል። በዚሁ መሠረት ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ላለ ተማሪ 10 ብር፣ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ላለ ተማሪ 15 ብር ታስቦ ነበር። ለምሳሌ በመጀመሪያው እርከን 200፣ በሁለተኛው እርከን 120 ተማሪዎች ያሉት ትምህርት ቤት በዚህ ስሌት ይገባው የነበረው 2 ሺህ እና 1 ሺህ 800፣ በድምሩ 3 ሺህ 800 ብር ነው።

ከምሳሌው ሁለት ነገር መገንዘብ ይቻላል። አንደኛ፣ በብር ተቆርጦ የተቀመጠ መጠን የዕቃ ዋጋ በጨመረ ቁጥር የመግዛት አቅሙ ስለሚወርድ በየጊዜው መከለስ አለበት። ሁለተኛ፣ መመሪያው መጠኑን ቢያስቀምጥም ጥቅል ድጎማው በምክር ቤት ውሳኔ የሚደለደል በመሆኑ፣ ገንዘቡ የሚገኘው በወረዳው በጀት ላይ በግልጽ ሲያዝ ብቻ ነው።

የትምህርት ቤት ድጎማ

ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ ለጋሾች ቀጥታ የበጀት ድጋፋቸውን ባቋረጡበት ጊዜ በ1998 ዓ.ም. የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ ፕሮግራም ተጀመረ። የፕሮግራሙ ገንዘብ የወረዳዎችን ጥቅል ድጎማ የሚደግፍ ሲሆን፣ የወረዳ በጀትና ወጪ ለሕዝብ በሚታይ ቦታ እንዲለጠፍ የማድረጉ አሠራር የተስፋፋውም በዚሁ ፕሮግራም ነው።

ትምህርት ቤቶች በስማቸው ገንዘብ ማግኘት የጀመሩት ግን በአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ በ2001 ዓ.ም. ተጀምሮ የመምህራን ልማትን፣ የሥርዓተ ትምህርትና የመማሪያ መጻሕፍት ዝግጅትን፣ የትምህርት አመራርንና የትምህርት ቤት መሻሻልን አካቷል። የዓለም ባንክ ሁለተኛውን ምዕራፍ በኅዳር 2006 ዓ.ም.፣ ፍትሐዊነትን ዋና ትኩረቱ ያደረገውን ቀጣይ ፕሮግራም ደግሞ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. አጽድቋል። በመጨረሻው ፕሮግራም የገንዘቡ መለቀቅ ከተመዘገበ ውጤት ጋር እንዲያያዝ ተደርጓል።

የትምህርት ቤት ድጎማው በተማሪ ቁጥር የሚሰላ ሆኖ የክፍል ደረጃው ከፍ ሲል የነፍስ ወከፍ መጠኑም ከፍ እንዲል የተደረገ ነበር። ገንዘቡ በፋይናንስ መሥሪያ ቤቶች መስመር ከፌዴራል ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ትምህርት ቤት ይወርዳል። ወጪው የሚፈጸመው ትምህርት ቤቱ የራሱን ግምገማ አካሂዶ ባወጣው የመሻሻል ዕቅድ መሠረት ሲሆን፣ ዕቅዱም በአራት ርዕሶች፣ ማለትም በመማር ማስተማር፣ በምቹ የትምህርት አካባቢ፣ በትምህርት ቤት አመራርና በኅብረተሰብ ተሳትፎ ሥር ይዘጋጃል።

በዚህ ረገድ የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ሚና ከፍተኛ ነው። ኅብረቱ ዕቅዱን ሲያዘጋጁና ገንዘቡ ሲወጣ ካልተሳተፈ፣ ድጎማው በርዕሰ መምህሩ ብቻ የሚታወቅ ገንዘብ ሆኖ ይቀራል። የደረሰው ገንዘብና የተገዛው ዕቃ በትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፉ ርዕሰ መምህሩንም ከሐሜት የሚጠብቅ አሠራር ነው።

የተማሪ ቁጥር እንደ በጀት ሰነድ

ድጎማ በተማሪ ቁጥር እስከተሰላ ድረስ ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ የሚሞላው የትምህርት መረጃ ቅጽ እንደ ክፍያ ጥያቄ ሊታይ ይገባል። በምዝገባ ወቅት ያልተመዘገበ፣ ዘግይቶ ገብቶ በቅጹ ላይ ያልሰፈረ ተማሪ ክፍሉ ውስጥ ቢቀመጥም በጀት አይከተለውም። በአንጻሩ ቁጥርን አጋንኖ ማቅረብ የሌላውን ትምህርት ቤት ድርሻ መውሰድ ከመሆኑም በላይ ማቋረጥን ከፍ አድርጎ ያሳያል።

ደጋማ ወረዳዎች በዚህ ስሌት ተጎጂ የሚሆኑበት ሌላም ምክንያት አለ። የጃማና የወንጭት ሸለቆዎች መርሐቤቴን ከአጎራባች ወረዳዎች ይለያሉ። በመንዝም መንደሮች ተራርቀው የሰፈሩ በመሆናቸው ልጆች በእግር ሊደርሱበት የሚችል ትምህርት ቤት ለማቅረብ ጥቂት ተማሪ ያላቸው ትምህርት ቤቶች መክፈት ግድ ይሆናል። ጣሪያው ለ150 ተማሪም ሆነ ለ600 ተማሪ እኩል ያፈሳል፤ ድጎማው ግን እኩል አይደለም። ስለዚህ ወረዳው ከራሱ በጀት ሥራ ማስኬጃ ሲደለድል ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት መነሻ የሚሆን እኩል መጠን አስቀድሞ ቀሪውን በተማሪ ቁጥር ቢያከፋፍል ትንንሾቹ ትምህርት ቤቶች ይደገፋሉ።

ከ2015 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ የመጀመሪያ ደረጃ ከ1ኛ እስከ 6ኛ፣ መካከለኛ ደረጃ 7ኛና 8ኛ፣ ሁለተኛ ደረጃ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ሆኗል። ቀድሞ በአራት በአራት ክፍል የተከፋፈለ የነፍስ ወከፍ ስሌት የሚጠቀም ወረዳ የመረጃ አያያዙን ከአዲሱ እርከን ጋር ማጣጣም ይጠበቅበታል።

የጊዜ ሰሌዳና ሂሳብ ማወራረድ

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ሲያበቃ የትምህርት ዘመኑ በመስከረም ይጀምራል። የክረምቱ ሁለት ወራት ለግዥና ለጥገና ዝግጅት አመቺ ቢሆኑም፣ በጀቱ ዘግይቶ ከጸደቀ ትምህርት ቤቱ መስከረምን ያለ ቁሳቁስ ይጀምራል። በሰኔ መጨረሻ ሥራ ላይ ያልዋለ የመደበኛ በጀት ደግሞ ለወረዳው ተመላሽ ይሆናል።

ድጎማን በተመለከተ የተለመደው ማነቆ የሂሳብ ማወራረድ መዘግየት ነው። ትምህርት ቤቱ የተቀበለውን ካላወራረደ በወረዳው መዝገብ ላይ በተሰብሳቢነት ይቆያል፤ የወረዳው ሪፖርት ካልተሟላ የዞኑና የክልሉም ሪፖርት ይጓተታል፤ በዚህም ቀጣዩ ክፍያ ይዘገያል። አንድ ትምህርት ቤት ያላቀረበው ደረሰኝ ሂሳባቸውን በወቅቱ የዘጉትንም ሊያዘገይ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ርዕሰ መምህራን በሙያቸው አስተማሪዎች እንጂ የሂሳብ ባለሙያዎች አይደሉም። በገጠር ገበያ ሕጋዊ ደረሰኝ የሚሰጥ ነጋዴ እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ በክላስተር ማዕከል ደረጃ የሂሳብ ባለሙያ በየሩብ ዓመቱ ወርዶ ሰነድ ቢያሰባስብና ቢያስተካክል፣ እያንዳንዱ ርዕሰ መምህር ወደ ወረዳ ከተማ ከሚያደርገው ምልልስ ወጪው ያነሰ ይሆናል። የተገዛ ዕቃ በሞዴል 19 ገቢ፣ በሞዴል 22 ወጪ መደረጉም በኦዲት ወቅት ከሚነሱ ጥያቄዎች ያድናል።

የኅብረተሰብና የግብረ ሰናይ ድርጅቶች ድርሻ

የመንግሥት በጀት ለግንባታ በማይበቃባቸው ወረዳዎች ኅብረተሰቡ ድንጋይ፣ እንጨትና ጉልበት በማቅረብ ይሳተፋል። በ2015 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር የጀመረው የትምህርት ለትውልድ ንቅናቄም ይህን ተሳትፎ በአገር አቀፍ ደረጃ ያስተባበረ ነው። በዓይነትና በጉልበት የተሰጠው አስተዋጽኦ በገንዘብ ተተምኖ መመዝገብ አለበት፤ ካልተመዘገበ ወረዳው የጋራ ድርሻ ሲጠየቅ የሚያቀርበው ማስረጃ አይኖረውም።

በመርሐቤቴ ሰዎች ለሰዎች የተባለው ድርጅት ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለበርካታ ዓመታት ባካሄደው የተቀናጀ ልማት ትምህርት ቤቶችን ገንብቷል። እንዲህ ያለ ድጋፍ የካፒታል ወጪን ይሸፍናል። ሕንፃው ከተረከበበት ቀን ጀምሮ ግን የመምህሩ ደመወዝ፣ የጥበቃውና የጥገናው ወጪ በወረዳው መደበኛ በጀት ላይ የሚያርፍ ነው። በመሆኑም የርክክብ ሰነድ ሲፈረም የቀጣዮቹ ዓመታት መደበኛ ወጪ አብሮ ሊሰላ ይገባል።

ከግጭት በኋላ የሚነሳው ጥያቄ

በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሞላሌን ጨምሮ ወደ መንዝ አካባቢዎች ደርሶ ነበር። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በተከሰተው ግጭትም በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ እጅግ ብዙ ልጆችም ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። በተማሪ ቁጥር ላይ የተመሠረተው ስሌት እንዲህ ባለ ጊዜ ተቃራኒ ውጤት ያስከትላል። ተማሪ የቀነሰበት ትምህርት ቤት ድጎማው ይቀንሳል፤ በር፣ መስኮት፣ ወንበርና መጽሐፍ መተካት ያለበት ግን እርሱ ነው። ስለዚህ ወረዳዎች የበጀት ጥያቄ ሲያቀርቡ ከግጭቱ በፊት የነበረውን የምዝገባ ቁጥር፣ አሁን ያለውን ቁጥርና የወደመውን ንብረት ዝርዝር ጎን ለጎን ማሳየት ይኖርባቸዋል። የትምህርት ቤቱ ነባር መዝገቦች በጥንቃቄ መያዛቸው ለዚህ ዋስትና ነው።

ለወረዳ አመራሮችና ባለሙያዎች ዋና ዋና ነጥቦች

1. ሥራ ማስኬጃ ከደመወዝ ተለይቶ፣ በየትምህርት ቤቱ ተዘርዝሮ በምክር ቤቱ ፊት ይቅረብ።

2. የተማሪ ምዝገባ መረጃ ከመላኩ በፊት በሱፐርቫይዘር በአካል ይረጋገጥ።

3. የትምህርት ቤት የመሻሻል ዕቅድ በክረምት ተጠናቅቆ በጀቱ እንደተለቀቀ ግዥ ይጀመር።

4. ሂሳብ በየሩብ ዓመቱ ይወራረድ፤ ሰኔ አይጠበቅ።

5. የተመደበው፣ የደረሰውና የወጣው ገንዘብ በወረዳና በትምህርት ቤት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

6. የኅብረተሰብ አስተዋጽኦ በገንዘብ ተተምኖ ይመዝገብ።

ከእነዚህ ውስጥ ተጨማሪ በጀት የሚጠይቅ የለም ማለት ይቻላል። የድጎማው ቀመር በአንድ ወረዳ ጥያቄ አይለወጥም፤ በመሐል ሜዳ፣ በዘመሮ፣ በራቤልና በዓለም ከተማ ያሉ ጽሕፈት ቤቶች ግን እነዚህን ስድስት ተግባራት ነገ ሊጀምሯቸው ይችላሉ።