ደለል የሚራገፍበት ቦታ፦ ከጭሮ ተዳፋት እስከ ሚኤሶ ሜዳ

ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) በጨርጨር ደጋ ሰሜናዊ ተዳፋት ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ሚኤሶ በቀጥታ መስመር ከ20 ኪሎ ሜትር እምብዛም በማይበልጥ ርቀት፣ ከ400 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ በቆላው ሜዳ ላይ ትገኛለች። በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ስለ ጎርፍ ሲመከር በቅድሚያ የሚጠየቀው ምን ያህል ውሃ ይመጣል የሚለው ነው። የጎርፍ መውረጃን ዕድሜ የሚወስነው ግን ውሃው የተሸከመው አፈር፣ አሸዋና ድንጋይ የት ይራገፋል የሚለው ነው ብዬ እከራከራለሁ።

ውሃ የወንዙን ወለል የሚገፋበት ኃይል በጥልቀቱና በወለሉ ተዳፋትነት ይለካል፤ ጥልቀቱ ሳይለወጥ ተዳፋቱ በግማሽ ቢቀንስ ግፊቱም በግማሽ ይቀንሳል። ጎርፉ ከተራራው ወጥቶ ሜዳውን ሲረግጥ ደግሞ በስፋት ስለሚተኛ ጥልቀቱንም ያጣል። ቋጥኝና ጠጠር እዚያው ተራራው ግርጌ ይቀራሉ፤ አሸዋው ራቅ ብሎ ይወርዳል። ደቃቁ ሸክላ ጠባዩ ይለያል። ስዊድናዊው ዩልስትሮም በ1935 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ እርስ በርሱ ስለሚጣበቅ ከአሸዋ ይልቅ ለመነሳት ፈጣን ውሃ ይፈልጋል፤ ከተነሳ በኋላ ግን በዝግተኛ ውሃም ቢሆን ሩቅ ይጓዛል። በቆላው ያሉት መውረጃዎች አብዛኛውን ዓመት ደረቅ በመሆናቸው አሸዋቸው ጎርፉን ይጠጣዋል። ውሃው መንምኖ ሸክሙ ሲቀር ወለሉ ከፍ ይላል፤ የሚቀጥለው ጎርፍ ካለፈው ቢያንስ እንኳ ከዳር ሊወጣ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ድሬዳዋ ላይ ከ200 በላይ ሰዎችን የገደለው የደቻቱ ጎርፍም የመጣው እንዲህ ካለ ሰፊ፣ አሸዋማና ደረቅ መውረጃ ነው።

ለዚህ ሁሉ መፍትሔው በላይኛው ተፋሰስ እርከን መሥራት ነው የሚሉ አሉ። እርከን ማሳን ያድናል፤ በዚሁ በጨርጨር፣ በሁንዴ ላፍቶ የምርምር ጣቢያ የአፈር መሸርሸር በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይለካ የነበረውም ለዚሁ ዓላማ ነው። ነገር ግን በቦረቦሮችና በወንዝ ወለል ላይ አስቀድሞ የተከማቸው ጠጠር ከእርከኑ በታች ያለ ነው። ከዚህም በላይ፣ ደለሉን ላይ ጥሎ የመጣ ጥርት ያለ ውሃ ትርፍ ጉልበት ስላለው ወለሉንና ዳርቻውን ይቆፍራል። እርከን ሸክሙን ቢቀንስም፣ ውጤቱን ለማየት ዓመታት ይፈልጋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው፦ መውረጃውን በድንጋይ ግንብ አጥብቦ አሸዋውን መዛቅ አይበቃም ወይ? ማጥበብ በእርግጥ ውሃውን ስለሚያጠልቅ ደለሉ ከተማዋን አልፎ ይሄዳል። ግንቡ በሚያበቃበት ቦታ ግን ይራገፋል፤ ከዚያ የተነሳው ክምርም ወደ ላይ እያደገ መጥቶ ግንቡን ይሞላዋል። መዛቁም ከበዛ ጉድጓዱ ወደ ላይ እየተቆረሰ የድልድይ መሠረት ያጋልጣል። ስለዚህ ግንብ ከመሠራቱ በፊት፣ ከከተማው በታች ደለሉ የሚተኛበት ክፍት መሬት ሊከለል ይገባል፤ የወለሉ ከፍታም በእያንዳንዱ ድልድይ ስር ከበልግ በፊትና ከክረምት በኋላ ይለካ።